ደሜን ያቀጠነው ውኃ

ፀሐይ ላይ የዋለ የፕላስቲክ ሽታ ዛሬም ያጥወለውለኛል። በቀደም ከባሕር ዳር ስመጣ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ለብ ያለ የላስቲክ ውኃ ስትከፍት ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። ሳትታዘበኝ አልቀረችም። ለአንተ ግን ልንገርህ።

ደብረ ታቦር አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የሚጥል በሽታ ጀመረኝ። ሆስፒታል ካርባማዘፒን የሚባል ኪኒን ሰጡኝና መውደቁ ተወኝ። አክስቴ ግን ኪኒኑን ፈሩት። ልጅ ስላልነበራቸው የሚያዩኝ እንደ ወለዱኝ ነበር። «ይህ እሳት ነው፤ አንጀትሽን ይልጠዋል። በውኃ አጥፊው» ብለው አረንጓዴ የፕላስቲክ ጆግ ሞልተው ከራስጌዬ አኖሩ። ጆጉ ውስጡ ያሟልጫል፤ ውኃው ጎማ ጎማ ይላል። ሳልጨርሰው ከፊቴ አይነሡም።

እየቆየ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ምግብ ገና ሲሸተኝ ያስመልሰኛል። ሰሌዳው ላይ ያሉት ፊደሎች ይዋኙብኛል፤ አንድ ጠዋትማ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ ጠፋብኝ። አክስቴ ኪኒኑ ነው የሚያቃጥልሽ እያሉ ውኃውን ጨመሩ። በጠጣሁ ቁጥር እታመማለሁ፤ በታመምሁ ቁጥር እጠጣለሁ። ፍራሼ የትውከት ሽታ ያዘ፤ የገዛ ገላዬ ቀፈፈኝ። ጎረቤታችን በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ከደጅ ቆማ ትጠይቀኛለች። የምጠጣበትን ብርጭቆ ለብቻ አስቀምጡት ስትልም ሰምቻታለሁ። እሷን ሳስብ ከትውከቱ ይብስብኛል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግቢ ውስጥ ወደቅሁ። ስነቃ አፍንጫዬ ሥር ክብሪት ይጨሳል፤ የለኮሰችው ያችው ጎረቤት ናት። የድኙ ክርፋት ከአፌ አረፋ ጋር ጉሮሮዬ ገባ። አክስቴ ክብሪቱን ከእጇ መትተው ጣሉትና አቅፈው ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝ።

ወጣቷ ሐኪም ደሜን አስመርምራ ስትመለስ ምን እንደምበላና ምን እንደምጠጣ ጠየቀች። አክስቴ የጆጉን ነገር በኩራት ነገሯት። ሐኪሟ ቀስ ብላ አስረዳች። ኪኒኑ ውኃ በሰውነት እንዲቀር የሚያደርገውን ሆርሞን ሥራ ያበረታል። ስለዚህ ኩላሊቴ ትርፉን ውኃ አላስወጣም፤ የደሜ ጨው ቀጥኗል፤ የጣለኝም እሱ ነው።

«ደሟን ውኃ የበዛበት ሾርባ በሉት» አለቻቸው።

አክስቴ የነጠላቸውን ጫፍ አጥፈው ዘረጉት። «እኔ ነኝ እንግዲህ ልገላት የነበርሁ።»

«አላወቁም እኮ፣ እናቴ። ደሟን አስቀድመን ማየት የነበረብን እኛ ነን።»

የምጠጣው ውኃ ተመጠነልኝ፤ ጨዋማ ፈሳሽ በደም ሥሬ በዝግታ ተሰጠኝ፤ ኪኒኑም ቀስ በቀስ በሌላ ተተካ። ዳንሁ።

አክስቴ ግን እንደ ድሮው አልሆኑልኝም። ብዪ፣ ጠጪ፣ ተነሺ ሲሉኝ የኖሩት ሴት ሽሮ እንኳ ሲያቀርቡልኝ ይስማማሽ ይሆን እያሉ እንደ እንግዳ ይጠይቁኝ ጀመር። እባክዎ እንደ ድሮው ይዘዙኝ ስላቸው ፈገግ ብለው ወደ ጓዳ ይገባሉ። ትምህርቴን ጨርሼ ስሄድ አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝ። ስንቄን አስይዘውኝ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉና «ካሰኘሽ ብዪው» አሉኝ።

አውቶቡሱ ወረታ እስኪደርስ አለቀስሁ።