ያልተጠመቀችው የክርስትና እናት

ሹፌሯን አውቶቡስ ስትነዳ ያያት ሰው፣ ከእግዜር ጋር ጎረቤት ናት ይላል። መሪ ከመጨበጧ በፊት ታማትባለች፣ መታጠፊያው ላይ «አደራህን!» ትላለች፣ ፍሬን ይዛ ስትቆም «ተመስገን!»። እኔ ትኬት ቆራጯ ነኝ፤ ከኋላዋ ቆሜ ስንት ጊዜ «አሜን» እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጅ የላትም። ባል ነበራት፤ የት ሄደ ሲሏት «ወረደ» ትላለች፣ እንደ ተሳፋሪ።

ሴት ልጅ ስወልድ ታዲያ የክርስትና እናት ፍለጋ ሩቅ አልሄድኩም። «ክርስትና ታነሺልኛለሽ?» ስላት እልልታዋን አቀለጠችው። ተሳፋሪው ሁሉ ምን ጉድ መጣ ብሎ ከመቀመጫው ተነሳ። ወዲያው ለሕፃኗም ለራሷም ነጭ ልብስ ገዛች። በየፌርማታው «ልጄ ልትጠመቅ ነው!» ትላለች፤ ያማጥኩት እኔ መሆኔን ረስታዋለች።

ቄሱ ጋ ስንሄድ ግን፣ «አንቺስ የተጠመቅሽው የት ነው?» አሏት።

«እናቴን ልጠይቅ» አለች።

እናቷን ሽንኩርት ሲልጡ አገኘናቸው። ቀና ሳይሉ፣ «ዛሬ ነገ ስል አደግሽብኝ» አሉ።

«እና አልተጠመቅኩም?»

«ካደግሽ በኋላማ አፈርኩ፣ ተውኩት።»

ዕድሜዋን ሙሉ ስታማትብ የኖረች ሴት! በንዴት ጦፍኩ፤ ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ ምላሴን ነከስኩ እንጂ። እሷ መንገድ ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያልተጠመቀ ሰው ክርስትና አያነሳም። «ሌላ ሰው ፈልጊ፣ ልጅቷ በእኔ ምክንያት እንዳትቆይ» አለችኝ።

«ሌላ ሰው ብሎ ነገር የለም!» ብዬ እጇን እየጎተትኩ ወደ ቄሱ መለስኳት።

ቄሱ ሳቁ። «ለመጠመቅ የረፈደበት ሰው የለም። ትምህርቱን ከጨረስሽ፣ በሕፃኗ ቀን መጀመሪያ አንቺን፣ ቀጥሎ እሷን እናጠምቃለን። ግን አንቺም የክርስትና እናት ያስፈልግሻል።»

«እኔ አለሁ!» አልኩ።

በእንባዋ መሃል ከት ብላ ሳቀች። «በዕድሜ ልወልድሽ የምችለውን አንቺ ልታነሺኝ? እንግዲያ ልጅሽ እህቴ ናት ወይስ ልጄ?»

ቄሱ ዝምድናውን በጣታቸው መቁጠር ጀምረው ተምታታባቸው።

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ መሪዋን ተደግፋ ጸሎተ ሃይማኖት ታጠናለች፣ እኔ አጠይቃታለሁ። ቀድሞ የገባ ተሳፋሪ ካለ እሱም ያርማታል። አንዱማ አርሟት ሲያበቃ ትኬት በነጻ ካልሰጠሽኝ ብሎ ተሟግቶኛል።

ቀኑ ደረሰ። ሕፃናቱ በየእናታቸው ክንድ ተደርድረው፣ እሷ ከመሃላቸው እንደ ምሰሶ ቆመች። ውሃው ሲፈስባት «ኡኡ፣ ይቀዘቅዛል!» ብላ ጮኸች፤ ሕፃናቱ ዝም ብለው ያዩዋታል። እየሳቅኩም እያለቀስኩም እጇን ይዤ አነሳኋት። ከዚያ ልጄ ተጠመቀች፣ እሷም ጸጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ ተቀበለቻት። «ልጄ! ልጄ!» እያለች ጉንጯን ሳመቻት።

እናቷ ከኋላ ሲመጡ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ መስሎኝ መንገድ ለቀቅኩላቸው። እሳቸው የልጃቸውን እርጥብ እጅጌ ይዘው ውሃውን አዩ።

«እኔንም ያጠመቀኝ የለም» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ጊዜ ይዤሽ ብመጣ ይህ ይወጣብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን በእኔ ዕድሜ እሺ ይሉ ይሆን?»

ሹፌሯ እናቷን አየች፣ ቀና ስትል ቄሱ ወደ ውስጥ እየገቡ ነው። ሕፃኗን ክንዴ ላይ አስቀመጠችልኝና፣ እርጥብ ልብሷን ሰብስባ፣ «አባ! ቆዩ! አንድ ሰው ቀርቷል!» እያለች ሮጠች።