ጥያቄውን ድገሙት

ሰው ሥራውን አክብሮ በመሥራቱ ይቀጣል? እስቲ ንገሩኝ። እኔ መልስ አላገኘሁለትም፤ ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

መቀስ እንለዋለን። እናት አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ግን ከግቢው ዘበኛ እስከ ዲኑ ድረስ፣ መቀስ ካላላችሁ ማንን እንደምትፈልጉ የሚያውቅላችሁ የለም። ሥራው ትምህርት መቅረጽ ነው። አስተማሪው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር እሱ ከኋላ ካሜራውን ተክሎ ይቀርጻል። ከዚያ ከአዳራሹ ሥር ባለችው ክፍላችን ቁጭ ብሎ ሳሉን፣ የወንበሩን ሲጢጥታ፣ አስተማሪው ቃል ሲጠፋው "እ... እ..." የሚለውን ሁሉ ቆርጦ ያወጣና ለእኔ ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ ተማሪዎቹ ቤታቸው ሆነው እንዲያዩት ኢንተርኔት ላይ እጭነዋለሁ። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የሚንቀጠቀጥ ቬንቲሌተር፣ ስፖንጁ አልቆ በፕላስተር የተጠቀለለ ማዳመጫ፤ ንብረታችን ይኸው ነው። መስኮት የሚባል ነገር የላትም። እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ስንት ዓመት አብረን እንደተነጫነጭን እኛ ነን የምናውቀው።

የመቀስ ትልቁ ጭቅጭቅ የተማሪ ጥያቄ ነው። ማይክሮፎኑ አስተማሪው ደረት ላይ ስለሆነ፣ ተማሪ ከወንበሩ ሲጠይቅ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የተማሪ ድምፅ ያለ ፈቃዱ እንዳይወጣ የግቢው ደንብ ይከለክላል። ስለዚህ መቀስ በትልልቅ ፊደል "ጥያቄውን ድገሙት" ብሎ ጽፎ አስተማሪው የሚቆምበት ጠረጴዛ ላይ ለጠፈ። አስተማሪው "ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው" ብሎ በራሱ አፍ ይደግመዋል፤ መቀስም የተማሪውን ጉርምርምታ ቆርጦ ይጥላል። መገጣጠሚያውን በባትሪ ብትፈልጉት አታገኙትም። አንድ ጊዜ አንድ ፕሮፌሰር ሳይደግሙ ቢያልፉ፣ ይኼ ሰውዬ ከኋላ ሆኖ ሁለት እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሲያውለበልብ አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

ቆርጦ ሲጨርስ ያልተቆረጠውን ጥሬ ቅጂ ያጠፋል። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ ቦታ የለውም። "ጥሬ እኔ ዘንድ አያድርም" ይላል፣ ደግሞ ሲኮራ!

አንድ ልጅ ነበረችው። "ነበረችው" ማለትን ገና አልለመድኩትም። ምላሷ ስለማያርፍ ቃጭል ነው የሚላት። እዚሁ ግቢ የድልድይ ሥራ ትማር ነበር፤ ትምህርቷንም የሚቀርጸው አባቷ ነበር። ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጥና አስተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ እጇን ታወጣለች። ካሜራው የሚያየው አስተማሪውን ብቻ ስለሆነ እሷ አንድም ቀን ምስል ውስጥ ገብታ አታውቅም። ትምህርቱ ሲያልቅ ግን ደረጃውን እየዘለለች ወደ እኛ ትወርዳለች።

"ዛሬስ ስንቴ ቆረጥከኝ አባዬ?"

"ጣቴ እስኪዝል! አንቺ ልጅ ጤና የለሽም እንዴ?" ይላታል። የተቆጣ ለመምሰል ይሞክራል፤ ግን ጥርሱ አይከደንለትም።

አባቷን ሰምታው አታውቅም። ጃንጥላ ያዢ ሲላት ጥላው ትወጣለች፤ ቁርስ ብዪ ሲላት አስፋልቱን ተሻግራለች፤ ጸጉርሽ ሳይደርቅ አትውጪ ሲላት ጆሮ ዳባ ልበስ። እናቷ ብቻ ናት ስቃ የምታልፋት።

አንድ ቀን መቀስ ዓይኑን አሞት ውሃ እየነከረ በመሐረብ ሲያብሰው፣ ቃጭል እንደ ልማዷ መጣች። "ቃጭልዬ" አላት፣ "ዓይኔ ሊፈስ ነው። በእናትሽ፣ ነገ እንኳን አሳርፊኝ፤ ዝም በይልኝ።"

"እሺ አባዬ፣ ነገ ትንፍሽ አልልም!" አለችና አፏን በሁለት ጣቶቿ እንደ ዚፕ ከዳር እስከ ዳር ዘጋችው።

"አንቺ? አንቺ ዝም ካልሽ እኔ ዘፋኝ እሆናለሁ!" አልኳት። ሦስታችንም ሳቅን።

በማግስቱ ትምህርቱ አልቆ መቀስ ካሜራውን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወርድ ዘበኛው እየሮጠ መጣ። ከግቢው በር ፊት ለፊት ሚኒባስ ገጭቷታል። ሆስፒታል አልደረሰችም።

ይብላኝ ለእናቷ። ሰው ሲጠይቃት ሰንብቶ ወደየቤቱ ተበተነ፤ መቀስም ሥራ ገባ። የገባው ግን እሱ አይመስልም፤ ከሰውነቱ ጎደል ብሏል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ማዳመጫውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

"እናቷ ድምጿን አምጣልኝ አለችኝ" አለ።

የቃጭል ስልክ መኪናው ሥር ደቅቋል። የእናቷ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው፤ ደግሞስ አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ሰው ምን ብሎ ድምፅ ይላላካል? ጓደኞቿ ፈልገው ያገኙት የአንዲት ልጅ የልደት ቪዲዮ ብቻ ነው። እሱም ላይ ሙዚቃው ያደነቁራል፤ አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ ቃል አይሰማም። እናቷ ታዲያ ጠዋት ስትነቃ "ድምጿ እየጠፋኝ ነው፤ እማዬ የምትለኝ እንዴት አድርጋ ነበር?" ትለዋለች። "የሰውን ሁሉ ድምፅ ስትለቅም ውለህ የልጅህን ታጣለህ?" ትለዋለች።

ፍለጋ ገባን። የዓመቱን የድልድይ ትምህርት አንድ በአንድ ከፈትነው። አስተማሪው በዚያ ወፍራም ድምፁ፣ "ጥያቄው፣ ማንም ሳይሻገርበት ድልድዩ ለምን ይወዛወዛል የሚል ነው" አለ።

"የሷ ነው" አለ መቀስ።

ሌላ ከፈትን። "ጥያቄው፣ ድልድይ ከመውደቁ በፊት ምልክት ይሰጣል ወይ የሚል ነው።"

"ይኼም የሷ ነው።" እያንዳንዱን ያውቀዋል። የቆረጠበትን ቦታ በጣቱ ስክሪኑ ላይ ይነካልኛል። "እዚህ ጋ ነበረች። እዚህም ጋ ነበረች።" እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ብሰማ ምንም የለም፤ አስተማሪው ትንፋሹን ስቦ ይቀጥላል። ልጅቷ የጠየቀችው ሁሉ አለ፤ እሷ ግን የለችም። ኧረ አፈር በበላሁ! ሰው እንዴት አንድ ቀን እንኳን አይሰንፍም? አንድ ቀን አሞኛል ብሎ አይተወውም? እንደ ሌላው ሠራተኛ ገረፍ ገረፍ አድርጎ ቢሠራ ኖሮ ዛሬ ልጁ ትናገር ነበር። ይህን ፊቱ ላይ አላልኩትም፤ ኮሪደር ወጥቼ ነው ግድግዳውን በጥፊ የመታሁት።

እዚያው ቆሜ ነው የመጣልኝ። ተመልሼ በሩን በረገድኩት። "የመጨረሻውን ቀን አልቆረጥከውም እኮ! ዘበኛው ሲጠራህ ካሜራው ትከሻህ ላይ ነበር። ካርዱ ውስጡ ነው፤ ማንም አልነካውም!"

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። ድንጋጤ ነው ብዬ አለፍኩት።

ካርዱን ከካሜራው አወጣና "እናቷን ጥሪልኝ" አለ፤ "ብቻዬን አልችልም።"

መጣች። እኔ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ያዘችው። መቀስ ጥሬውን በስፒከር ለቀቀው። በሥራ ዘመኑ ሳይቆርጥ ለሰው ሲያሰማ የመጀመሪያው ነው። ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ በር ይዘጋል፣ አንዷ ታስላለች።

"ይቺ ናት?" አለች እናቷ።

"አይደለችም።"

ደግሞ አንዷ ሳቀች። "ይቺስ?"

"እሷም አይደለችም።"

አስተማሪው ስለ ብረት አስተማረ፣ ስለ ሲሚንቶ አስተማረ። እናትየው አንድ ቃል ሳይገባት ከስፒከሩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። መጨረሻ ላይ "ጥያቄ ያለው?" አለ። ዝም። "ምነው፣ ጠያቂያችን! ዛሬ በደህና ነው ዝም ያልሽው?"

ዝም። ቬንቲሌተራችን ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ ክፍሉ በሳቅ አወካ። አስተማሪውም እየሳቀ፣ "ይሁን፣ ታዲያ በዚሁ እናብቃ" አለ። ወንበሮች ተንኳኩ፣ እግሮች ወጡ፣ አለቀ።

ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

"ወደ ኋላ መልስልኝ" አለች እናቷ። መለሰላት። "ጠያቂያችን" ከሚለው እስከ ሳቁ ድረስ ያለውን ዝምታ ደግማ ሰማችው።

"እዚህ ጋ ምን አደረገች?"

"ወደ ኋላ ዞራ አየችኝ" አለ መቀስ። "አፏን በጣቶቿ ዘጋችልኝ። ለዚህ ነው የሳቁት።"

"ለምን?"

አላስቻለኝም፤ "ጉሮሮዋን አሟት ነበር እትዬ፤ ነግራኛለች" አልኩ። ይህን ስል ዓይኔን ወደ መሬት ሰበርኩ።

"የለም" አለ መቀስ። "እኔ ነኝ። ዓይኔን አሞኝ ነበር። ነገ አሳርፊኝ፣ ዝም በይልኝ አልኳት።"

ትጮኽበታለች፣ ትረግመዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠችና እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው።

"መቼም ሰምታህ የማታውቅ ልጅ" አለችው፤ "ምነው ያን ቀን ሰማችህ?"