ከጉልበቱ ሥር የወጣው ጋቢ

ታላቅ ወንድሜ በአርባ ምንጭ አጠገብ፣ ላንቴ በምትባል ቀበሌ የሙዝ እርሻችንን የሚያለማ ሰው ነው። ጉልበቱ የተጎዳው በአባያ ሐይቅ ዳርቻ ኳስ ሲጫወት ነበር፤ እግሩ መሬት እንደያዘ ሰውነቱ ዞረና ወደቀ። እብጠቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጎደለ። ይሁን እንጂ የሙዝ ዘለላ ተሸክሞ ሲዞር ጉልበቱ ይከዳው፣ ከነሸክሙም ይጥለው ጀመር። መሸከም ካልቻለ እርሻውን መተዉ ነው፤ ፍርሃቱም ይኸው ነበር።

እናታችን እንደ ልማዳችን ወደ ወጌሻ ወሰደችው። ሽማግሌው በአካባቢያችን ስብራትና ውልቃት ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ከጉልበቱ በታች በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት ሳብ አደረጉት፤ ጤነኛውንም እግር እንዲሁ። ከዚያም ለማሻ የቀረበውን ቅቤ መልሰው ከደኑት።

«አጥንቱ በቦታው ነው። የተበጠሰው የውስጡ ጅማት ነው። እኔ ባሸው አበላሸዋለሁ፤ ሐኪም ቤት ሂድ።»

«እርስዎም የሚያቅትዎት ነገር አለ እንዴ?» አለ ወንድሜ።

«ሞልቶ! ሚስቴን ጠይቃት።»

ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ የእጁን ወሰን በደንበኛው ፊት ያለ ኀፍረት የተናገረ ባለሙያ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ወንድሜ ከአርባ ምንጭ በሪፈር ወደ አዲስ አበባ ተላከ። ቀዶ ሐኪሙ ከጭኑ ኋላ ጅማት ወስዶ፣ በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየተመራ፣ በተበጠሰው ምትክ ተከለለት። ሲያሰናብተውም ጉልበቱን በየቀኑ ሙሉ በሙሉ እንዲዘረጋ፣ ከሥሩም ትራስ እንዳያደርግ በጽሑፍ አዘዘው።

ቤታችን በጠያቂ ተሞላ። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ጸለዩለት፤ እግሩን እንዳያንቀሳቅስም ለመኑት። እናታችን ሥቃዩን ማየት ቢከብዳት ጋቢዋን አጥፋ ከጉልበቱ ሥር አደረገችለት። ሕመሙ ቀለለ፤ እኔም ትእዛዙን እያወቅሁ ዝም አልሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱ እንደታጠፈ አልዘረጋ አለ።

ወጌሻው ሊጠይቁት የመጡት በዚህ ጊዜ ነበር። ፊደል ስላልቆጠሩ የሐኪሙን ወረቀት አስነበቡኝ።

«ታዲያ ይህ ጋቢ ምንድን ነው?»

«አመመው እኮ፣ ጋሼ!» አለች እናታችን።

«እንዲህ ከቀረ ዕድሜ ልኩን ያነክሳል፣ እህቴ።» ጋቢውን ከጉልበቱ ሥር ሳቡና ተረከዙ ሥር አደረጉት።

«ገደሉኝ፣ ጋሼ!»

«ጩህ፣ ማን ከለከለህ? ብቻ ጉልበትህን ወደ ፍራሹ ጫን።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት ይመጡ ነበር። እጃቸውን በጉልበቱ ላይ ሳያሳርፉ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ፤ እኔ የሐኪሙን ወረቀት አነብባለሁ፣ እርሳቸው ይቆጥራሉ፣ ወንድሜ ያማርራል። አንድ ቀን የጉልበቱ ጀርባ ፍራሹን ነካ፤ እናታችን እልል አለች።

ከወራት በኋላ ለቀጠሮ አብሬው ሄድሁ። ሐኪሙ ጉልበቱን ፈትኖ መጽናቱን አረጋገጠ፤ ቀስ በቀስ ወደ ሸክም እንዲመለስም ፈቀደለት።

«ጥሩ ተዘርግቷል። እንቅስቃሴውን ማን አሠራህ?»

«ወጌሻችን።»

ሐኪሙ ደንገጥ ብሎ ቀና አለ። «አሹህ?»

«ኧረ፣ አንድም ቀን አልነኩኝም» አለ ወንድሜ።