ባርኩልኝ

ቡሬ በአስተማሪነት የተመደብኩት መንግሥት በተለወጠ ማግሥት ነው። በከተማዋ ዙሪያ ካሉት መንደሮች ወደ ጦር ግንባር ሄደው ያልተመለሱ ወንዶች ብዙ ነበሩ። ሚስቶቻቸው መርዶ ስላልሰሙ ጥቁር አልለበሱም፤ እንዲሁ መንገድ መንገዱን እያዩ ይኖሩ ነበር።

ፋሲካ ሲደርስ እኛ አስተማሪዎች ከአጥቢያው ሰንበቴ ማኅበርተኞች ጋር ሆነን ለእነዚህ ቤቶች ጤፍ፣ ቅቤና ዶሮ ማድረስ ጀመርን። ባልደረቦቼ ሚስትና ልጅ ስለሚጠብቃቸው ቅርብ ቅርቡን ወሰዱ፤ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ያለው ሩቁ መንደር ለእኔ ተረፈ። አልከፋኝም። እናቴ ካረፈች ወዲህ አዴት ያለው ቤታችን ተዘግቷል፤ ቡሬም የሚጠብቀኝ የተከራየሁት ባዶ ክፍል ብቻ ነበር።

ቅዳም ሹር ቀን መጀመሪያ የደረስኩት ሁለት ሴቶች ልጆች ከምታሳድግ ጎልማሳ እናት ቤት ነበር። መረቀችኝ። ግን ዶሮዋን ታቅፋ ከደጁ ንቅንቅ አልል አለች።

«ምነው እትዬ፣ ዶሮዋ አመማት እንዴ?»

«ኧረ ደህና ናት፤ አንቱ መምህር፣ ነውር ካልሆነብኝ ባርኩልኝ። ቤቱ ወንድ የለበትም። ጎረቤቶቼም እንደኔው ናቸው። አምና ዶሮዬን ይዤ፣ የሚባርክልኝ መንገደኛ ባገኝ ብዬ ከመንገዱ ዳር ቆሜ ዋልሁ።»

በአገራችን ሴት እንደማታርድ አውቃለሁ፤ ወንድ ያጣ ቤት በበዓል ምን እንደሚሆን ግን አስቤው አላውቅም ነበር። እኔም በዕድሜዬ ዶሮ አርጄ አላውቅም። ለመናገር አፍሬ ቢላዋውን ተቀበልኩና ወደ ምሥራቅ ዞሬ «በስመ አብ» አልኩ። እንደምንም አረድሁላት። ገና ሳልታጠብ የጎረቤት ሴቶች ዶሮዎቻቸውን ይዘው መጡ። ስጨርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች፤ ነጠላዬም ደም ተረጫጭቶበታል።

«በሉ ቶሎ ሂዱ» አሉኝ ሴቶቹ። «አንቱም ቤት ልጆች ይጠብቃሉ።»

ልጅ እንደሌለኝ አልነገርኳቸውም። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሲለቅ ሰው ሁሉ እየተጠራራ ወደየቤቱ ሲገባ፣ እኔ ክፍሌን ከፍቼ በደረቅ ዳቦ ፈሰክሁ።

ከዚያ ወዲያ በየበዓሉ እየሄድኩ ማረድ ልማዴ ሆነ። ከመንደሩ ጥግ ያለችው አንዲት ሴት ብቻ ዶሮዋን አትሰጠኝም ነበር።

«የቤቱ ባለቤት ይባርከዋል» ትለኛለች።

«መቼ ይመጣሉ?»

«ሲመጣ ነዋ።»

አልጫናትም። ሥራዬን ስጨርስ ግን ከአጥሯ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አረፍ እል ነበር። አንድ ቀን ከአጠገቤ ቁጭ አለችና ጠየቀችኝ።

«አንቱንስ ማን ይጠብቃል?»

ከመንደሩ ሁሉ ይህን የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። «ማንም» አልኳት። አልተገረመችም፤ አላዘነችልኝም። «እንግዲያ ተቀመጡ» አለችኝ። ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱት አውቶቡሶች ሲያልፉ አብረን እናያለን። አንዱ ፍጥነቱን ሲቀንስ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። ሰው ሳይወርድበት ሲያልፍ ደግሞ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

በአንድ እንቁጣጣሽ ስደርስ ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ አውራ ዶሮ ታቅፋ ከደጇ ቆማ ጠበቀችኝ። ከባሏ ጋር የዘመተ ሰው በነሐሴ መጥቶ መርዶውን ነግሯታል።

«ባርኩልኝ» አለች።

ባረክሁት። እግሩን ራሷ ያዘችልኝ፤ ፊቷን ግን ወደ ጓሮ አዙራ ነበር። ውሃ አስታጠበችኝና «ዛሬስ ቀምሳችሁ ነው የምትሄዱት» አለችኝ። ወጡ እስኪደርስ ማሳው ዳር ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ። ገበታው ሲቀርብ ከመደቡ ራስጌ ያለውን ቦታ ባዶ ትታ ከታች አስቀመጠችኝ። ሁለታችንም ብዙ አልበላንም። «ጣመላችሁ?» ስትለኝ «በጣም» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ከእናቴ ሞት በኋላ በበዓል ቀን ትኩስ ወጥ የቀመስኩት ያን ዕለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርኩ። ጥቂት ዓመት አሳልፌ በቅዳም ሹር ወደ መንደሩ ብመለስ፣ መጀመሪያ የባረክሁላት እናት ትልቋን ልጇን ድራ አማቿ ከደጅ ዶሮ ያርዳል። በሌሎቹም ቤቶች ወንዶች ልጆች አድገዋል። የሚፈልገኝ ቤት አልነበረም። ደስ አለኝ፤ እጄን የት እንደማደርገው ግን ጠፋኝ።

«ያቺ ከጥጉ ቤት ያለችውስ?» አልኳት እናትዮዋን።

«ወንድሟ መጥቶ ደምበጫ ወሰዳት። ብቻዋን አልሆንላት አለ።»

አማቿ ዶሮውን አስቀምጦ በግራ እጁ ጨበጠኝ፤ ቀኙ ደም ነበረበት። «ግቡ እንጂ» አሉኝ ሁሉም። የሚጠብቀኝ ሳይኖር «ቤት ይጠብቁኛል» ብዬ ወደ መንገዱ ወጣሁና የሚመጣውን አውቶቡስ እጄን ዘርግቼ አስቆምሁ።