አቶ ይርጋ ይቅረብ

ራቤል ውስጥ የሸዋረጋን ፊት የማያውቅ ሰው ይኖራል፤ ድምፅዋን የማያውቅ ግን የለም። ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ከወረዳው ፍርድ ቤት ግቢ «ከሳሽ እገሌ፣ ተከሳሽ እገሌ» የሚለው ጥሪ ሲነሣ፣ ገበያው ዳር በጎቹን አቁሞ ገዢ የሚጠብቀው ሰው ሳይቀር ሦስት ሰዓት መሙላቱን ያውቃል። ሥራዋ ይኸው ነበር፤ ከችሎቱ በር ላይ ቆማ የባለጉዳዮችን ስም መጥራት። ሦስት ጊዜ ትጠራለች። በሦስተኛው ያልቀረበ ሰው መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላልና ሦስተኛዋን ጥሪ ታስረዝማታለች፤ ሰውየው ምናልባት በቅሎውን እያሰረ ሊሆን ይችላል። ስሙን ሰምቶ በድንጋጤ የሚሮጥ ሲመጣባት ደግሞ እጇን ዘርግታ ታስቆመዋለች።

«አቤት በልና ቀስ ብለህ ግባ። ዳኛው የትም አይሄዱም።»

ከሕግ ጋር የተዋወቀችው በስሕተት ነው። ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ቀን አንድ የመሬት ክርክር ሲሰማ፣ ያኔ የነበሩት ሽማግሌ ዳኛ «የይርጋው መቃወሚያ ይቅረብ» አሉ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ የጊሼ ደጋ ነፋስም ሲነሣ ከሰው በላይ ይናገራል። ሸዋረጋ የሰማችው «ይርጋ» እና «ይቅረብ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ብቻ ነው። ወደ ግቢው ዞራ ባላት ድምፅ ሁሉ ተጣራች።

«አቶ ይርጋ ይቅረብ!»

መልስ የለም። ደገመች። በሦስተኛው ከገበያው በኩል አንድ አዛውንት ቆባቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ዶሮ በብብታቸው እንዳቀፉ፣ እየተቻኮሉ መጡ። ማንም ሳይጠይቃቸው ችሎት ገብተው ቆሙ።

«ይርጋ እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ዶሮዋ የራሴ ናት።»

ችሎቱን ጸጥ ማሰኘት ጊዜ ወሰደ። ከሳሽና ተከሳሽ ከተካሰሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሳቁ። ዳኛው አዛውንቱን ይቅርታ ጠይቀው አሰናበቱና በምሳ ሰዓት ሸዋረጋን አስጠሯት። ሊያሰናብቱኝ ነው ብላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች።

«ይርጋ ሰው አይደለም፣ ልጄ» አሏት። «ጊዜ ነው። ባለመብት በጊዜው መጥቶ ካልጠየቀ፣ ሕግ ‹ስትጠበቅ አልመጣህም› ይለዋል። ክሱ አይሰማለትም።»

ሸዋረጋ አሰበችው። «ሦስት ጊዜ ተጠርቶ እንደቀረ ሰው ነዋ።»

ዳኛው የያዙትን መዝገብ ከደኑ። «አዎ» አሉ፤ «እንደሱ ነው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሮዋ ከበሩ አልራቀም። የሰው ስም የመሰላት አንዲት ቃል ይህን ያህል ነገር ከያዘች፣ ሌሎቹ ምን ይዘው ይሆን? ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሕግን በበር ስንጥቅ ሰማች። የውርስ፣ የድንበር፣ የቀለብ፣ የፍቺ ክርክር ሁሉ በጆሮዋ ገባ። አንዳንድ ባለጉዳይ ከመግባቱ በፊት ፊቷን እያየ «እንዴት ይሆንልኝ ይሆን?» ይላታል። እሷ አትመልስም፤ ክልክል ነው። ልቧ ግን ገና ከበሩ ሳይገባ ፍርዱን ጽፎ ይጨርሳል።

መዝገብ ቤት የሚሠራው መርስዔ ኃዘን ያቺን የይርጋን ነገር አልረሳላትም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ «አቶ ይርጋ ደኅና አደሩ?» ይላታል። «ደኅና ናቸው፤ መዝገብህን አቧራ በላው ብለዋል» ትለዋለች።

በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ይኸው መርስዔ ኃዘን አንድ ደብዳቤ ይዞ ወደ በሯ መጣ። ቀልድ አልነበረውም።

«ስሚ። ለፍርድ ቤት ሠራተኞች በክረምት የሚሰጥ የሕግ ትምህርት። በዲግሪ። መግቢያ ፈተናው መጋቢት ላይ ደብረ ብርሃን ነው። አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ሁሉ መፈተን ይችላል።»

ሸዋረጋ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰችው መንግሥት በተለወጠበት ዓመት ነው። ውጤቷ ለጥቂት ነበር የጎደለው።

«ዕድሜ ይላል?»

«ሲመዘገቡ ከሠላሳ አምስት ያልበለጠ።»

ጣቷን አጠፈች። ሰኔ ሚካኤል ሲመጣ ሠላሳ ስድስት ይሞላታል። ፈተናው ዘንድሮ ካመለጣት ለከርሞ በሩ ዝግ ነው።

«የኔ ይርጋ ሰኔ ላይ ነው ማለት ነው» አለች።

«ይኸውልሽ፣ አቶ ይርጋ እየመጡ ነው» አለ መርስዔ ኃዘን፤ ቀልዱ ተመለሰለት።

«ይምጡ። እኔ እቀድማቸዋለሁ።»

ያን ዕለት ወደ ቤቷ የሄደችው በእግሯ ነው ለማለት ይቸግራል። ባሏ ምንይሉ ገብስ ከሚወቃበት አውድማ ሳትደርስ ከሩቅ ነገረችው፤ ለድምፅዋ ርቀት ቁም ነገር አይደለም። ምንይሉ መንሹን ተደግፎ አዳመጣትና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«እንግሊዝኛ አለበት?»

«አለበት።»

ሕጉን በጆሮዋ ጠግባለች፤ አዲሱ ዳኛ በዕውቀቱም መጽሐፍ ሊያውሷት ቃል ገብተዋል። እንግሊዝኛው ግን ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት ከተማሪ ቤት ስትወጣ እዚያው የቀረ ነገር ነው። ቃሉን ታነበዋለች፣ ትርጉሙን ትጽፈዋለች፤ ሲነጋ የለም።

መፍትሔውን ያመጣው ምንይሉ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ በጎቹን እያስገባ ሳለ በረቱ በር ላይ ቆም አለ።

«ሸዋ፣ አንቺ የሰው ስም ረስተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው እንግሊዝኛውን ስም አድርጊው። ይኸው ዐሥራ አራት በግ አለ።»

ማግስቱን በጎቹ ስም ወጣላቸው። ካልጎተቷት በቀር ከቆመችበት የማትነቃነቀው ጥቁሯ በግ «አንለስ»፣ «ካልሆነ በቀር»፣ ተባለች። ደኅና ስትሄድ ቆይታ ድንገት ወደ ኋላ የምትዞረው ቡሬዋ «ሆዌቨር»፣ «ሆኖም ግን»፣ ሆነች። አንድ እግሯ ቢያነክስም ሣሩ ላይ ቀድማ የምትደርሰው አሮጊቷ «ኦልዞው»፣ «ምንም እንኳ»፣ ተባለች። ቃሉን ስትረሳው ዓይኗን ትጨፍንና በጓን ታያለች፤ በጓ ትርጉሙን ይዛ ትመጣለች። በየሳምንቱ አዲስ ስም ይወጣል፤ ባሕርዩ የታወቀ በግ ሲያልቅ ወደ ፍየሎቹ ዞሩ።

ቀን እየገፋ ሲሄድ ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ «አንለስ! አንለስ!» የሚል ጥሪ መሰማት ጀመረ። ጎረቤታቸው ቅጣው አንድ ቀን መቻል አቃተው።

«ምንይሉ፣ በጎችህ ሃይማኖት ለወጡ እንዴ?»

«ሃይማኖታቸውማ ያው ነው» አለ ምንይሉ። «ሰዋስው ነው የጨመሩት።»

በፍርድ ቤት ደግሞ በአንድ ጥሪና በሚቀጥለው ጥሪ መካከል በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ዳኛ በዕውቀቱ ያዋሷትን መጽሐፍ ታነባለች። ገጹን በገብስ ጭድ ምልክት ታደርግበታለች። አንድ ሐሙስ መጽሐፉ ውስጥ ገብታ ከሳሽ መጥራት ረሳች፤ ዳኛው ራሳቸው በሩን ከፍተው ሲወጡ ነው የነቃችው። አልተቆጡም። «ስንተኛው ምዕራፍ ደረስሽ?» ብለው ተመለሱ።

መጋቢት ላይ እሷና መርስዔ ኃዘን ሊፈተኑ በአንድ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ጓሳ ተራራ ላይ ሲደርሱ ጉም ስለነበር ሾፌሩ እንደ ሰው እርምጃ ይነዳ ነበር። ሸዋረጋ ሠርግ እንደምትሄድ ልጃገረድ ነጠላዋን አሥር ጊዜ ታስተካክላለች። መርስዔ ኃዘን ቆሎውን እየቆረጠመ ያያታል።

«አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ። ደስ የሚል ፍርሃት ነው።»

የፈተናው አዳራሽ ሰፊ ነበር። ፈታኙ መመሪያውን አነበቡ፦ ስም አይጻፍም፤ ከመለያ ቁጥር በቀር ማንነትን የሚገልጽ ምልክት ያደረገ ወረቀቱ ይሰረዛል። የሸዋረጋ ቁጥር 117 ነበር። እንግሊዝኛው ክፍል ሦስተኛ ጥያቄ ላይ «አንለስ» የሚለውን ቃል አየችው። ጥቁሯ በግ አራት እግሯን ተክላ ወረቀቱ መሃል ቆማ ነበር። ሸዋረጋ ፈገግ ብላ መልሱን አጠቆረች።

የመጨረሻው ጥያቄ በጽሑፍ የሚመለስ ነው። «በፍርድ ቤት ሥራ ካጋጠማችሁ አንድ ስሕተት ምን ተማራችሁ?» ይላል። ሳቋ አመለጣት። ፈታኙ ቀና ብለው አዩዋት። ራሷን ደፍታ የአቶ ይርጋን፣ የዶሮዋንና የሽማግሌውን ዳኛ ነገር ጻፈች። አንድ ቦታ ላይ «በይርጋ መብት ይሞታል» ብላ ነበር፤ መልሳ ስታነበው ልክ አልመሰላትም። በአንድ መስመር ሰረዘችና «መብቱ ሳይሆን ክሱ ነው የሚቆመው» ብላ ከላይ አስተካከለች። ጊዜው አለቀ። ወረቀቱን ስታስረክብ ክንፍ ያወጣች መሰላት።

ውጭ ከመርስዔ ኃዘን ጋር መልስ ሲያመሳክሩ ስለ ሰረዘችው መስመር ነገረችው።

«ደግሞ ዳሩ ላይ ‹ስርዙ የእኔ ነው› ብዬ ፈረምኩበት።»

መርስዔ ኃዘን ማኘኩን አቆመ። «ምን አደረግሽ?»

ያኔ ነው የገባት። ፍርድ ቤት ውስጥ ያልተፈረመበት ስርዝ ድልዝ ጸሐፊውን ያስጠይቃል። ዐሥራ አንድ ዓመት በመጥሪያ ማስረከቢያው ላይ አንድ ፊደል በሰረዘች ቁጥር ፈርማለች። እጇ ሳይጠይቃት የለመደውን ሠራ።

«ማንነትን የሚገልጽ ምልክት ሲሉ አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። እጄ አልሰማም።»

ግንቦት ላይ ደብዳቤ መጣ፤ ስለ መልስ ወረቀቷ ማብራሪያ እንድትሰጥ ደብረ ብርሃን መጥታ በአጣሪ ኮሚቴ ፊት ትቅረብ ይላል። ሰኔ ሚካኤል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ምንይሉ የጉዞ ስንቋን እየቋጠረላት «ምን ትያቸዋለሽ?» አላት።

«እስኪ እነሱ የሚሉኝን ልስማ» አለች። ፊቷ ግን እንደ ተከሳሽ አልነበረም። ያን ሁሉ ዓመት የሌላውን ክርክር ከውጭ ሰምታለች፤ ዛሬ በሩን አልፋ የምትገባው እሷ ናት።

ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ነበሩት። ሰብሳቢው አቶ ኃይለ ኢየሱስ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ የደከማቸው ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቷን ገለጡ።

«ይህን ምልክት ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ክልክል መሆኑን ሰምተሽ ነበር?»

«ማንነትን የሚገልጽ ምልክት ክልክል መሆኑን ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ለመሆኑ የእኔ መሆኑን ያወቃችሁት በምንድን ነው?»

ሰብሳቢው ወደ ጎን ዞረው አጠገባቸው ያሉትን ሰው አዩ። «በመለያ ቁጥርሽ። የታሸገው ዝርዝር ተከፍቶ።»

«በምልክቱ አይደለም?»

አቶ ኃይለ ኢየሱስ መነጽራቸውን አወረዱ። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አስጠጉ፣ አራቁ፣ ዘቀዘቁ። «በዚህ ማን ሊያውቅሽ ይችላል? ይህ ፊርማ ነው ወይስ የተተበተበ ገመድ?»

«እርስዎ ገመድ ካሉት፣ ጌታዬ፣ ማንነትን የሚገልጽ ምልክት አይደለም ማለት ነው። ገመድ ደግሞ በመመሪያው አልተከለከለም።»

ከኮሚቴው አንዷ ሴት አፏን በእጇ ሸፈነች። ሰብሳቢው አልሳቁም፤ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ለምን ፈረምሽ? እውነቱን።»

«የሰረዝኩትን ሌላ ሰው የሰረዘው እንዳይመስል ነው። ሥራችን እንደዚያ ነው። ስሕተቴ የኔ ነው ማለት ለምዶብኛል።»

«ውጭ ጠብቂ።»

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ነበር። አልተቀመጠችም። ግድግዳውን ተደግፋ የተዘጋውን በር አየች። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ጆሮዋ የለመደው ሥራ ነበርና «መመሪያው» የሚል፣ ቀጥሎ «መንፈሱ» የሚል፣ ቀጥሎም «ዶሮዋ» የሚል ቃል ለየች። «ዶሮዋ» ሲሉ ሳቅ ነበረበት።

በሩ ተከፈተ። የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ወይዘሮ እፀገነት ብቅ ብለው፣ ከአፋቸው በማይወጣ ድምፅ፣ «ሸዋረጋ» አሉ።

ሁለተኛውን ጥሪ አልጠበቀችም። «አቤት» አለች፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ገበያውን ሲያሰማ የኖረው ድምፅ ሹክሹክታ ሆኖ ወጣ። ከዚያም ሮጠች። አንድ ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ቀረ።

«ቀስ» አሉ ወይዘሮ እፀገነት፤ «የትም አይሄዱም።»

አቶ ኃይለ ኢየሱስ ቃለ ጉባኤውን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። ወረቀቷ እንደጸና፣ ከመቶ ሰባ አንድ አግኝታ እንዳለፈች፣ ምዝገባው ከሰኔ አንድ እስከ ሰኔ አምስት መሆኑን ጣታቸውን በየመስመሩ እያስኬዱ አነበቡላት። ሸዋረጋ አንድ እግሯ ባዶውን ሲሚንቶው ላይ ቆማ ሰማች። መጨረሻው ላይ አንድ ክፍት ቦታ ነበር።

«መስማትሽን እዚህ ላይ አረጋግጪ» አሉ እስክሪብቶውን እየሰጧት።

ጎንበስ ስትል ሦስቱም የኮሚቴ አባላት ገመዱ እንዴት እንደሚተበተብ ሊያዩ ከወንበራቸው ተነሥተው ተንጠራሩ።