አምስተኛዋ ጥይት

ወልዱ ካዛንቺስ ውስጥ የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ዘበኛ ሆኖ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሠራ አንዲት ጥይት ተኩሶ አያውቅም። የሰፈሩ ሰው የሚያውቀው ከኡራኤል ታክሲ የወረደውን ሁሉ በስም እየጠራ ሰላም ሲል ነው። አሁን ግን ሰላም ያለውን ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ይላል በሆዱ።

ወሎ ሰፈር ሰርግ ላይ ማን እንደተኮሳት ያልታወቀች ጥይት ቆርቆሮ በስታ የአንድ ልብስ ሰፊ ትከሻ አቆሰለች። ፖሊስ እስከ ካዛንቺስ ድረስ የየዘበኛውን መሣሪያ ሲፈትሽ በወልዱ ክላሽ ውስጥ አራት ጥይት ተገኘ። የርክክብ መዝገቡ ላይ ግን የዚያኑ ዕለት ጠዋት «አምስት ጥይት ተረክቤያለሁ» ብሎ ፈርሟል። አምስተኛዋስ?

ክላሹ ተይዞ፣ እሱ በዋስ ተለቀቀ። ክሱም የጦር መሣሪያ ወንጀል ብቻ እንዲያይ አዲስ ለተቋቋመው ልዩ ችሎት ተመራ።

«ጥሩ እኮ ነው፣ ቶሎ ያልቅልሃል» አለችው ሚስቱ ሙሉነሽ።

«የፈራሁት ቶሎውን ነው! ለዚሁ ብቻ ብለው የከፈቱት ቤት ባዶ እጁን ይውላል? ወንጀለኛ ቢያጣ እኔን ነው የሚያገኘው።»

ከሁሉ ይልቅ የጠረጠረው ግን ማታ የሚያድረውን ባልደረባውን ፈየራን ነው። ፈየራ ከክሱ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቦንቦሊኖ ይዞ ይጠብቀዋል።

«ብላ እንጂ ወንድሜ፣ ከሳህ እኮ! ስማ፣ ዳኛዋ ስትጠይቅህ ቆጥሬ ነው የተረከብኩት በል። አልቆጠርኩም ካልክ በቃ፣ ከሥራ ያባርሩሃል።»

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋ ስንጥር። ቆጥሬያለሁ ካለማ አምስተኛዋ እሱ እጅ ላይ ጠፋች ማለት ነው፤ ፈየራ ነጻ፣ እሱ ቃሊቲ። ወልዱ ቦንቦሊኖውን ለድመት ጣለው።

በቀጠሮው ቀን ዳኛዋ ከመዝገቡ ቀና ብለው፣ «አባቴ፣ ሲረከቡ ቆጥረዋል?» አሉት።

«አልቆጠርኩም፣ ክብርት ዳኛ። ባልደረባ ፊት ጥይት መቁጠር ሌባ ነህ ማለት ነው፤ ነውር ነው።»

ፈየራ ለምስክርነት ቆመ።

«እኔም አልቆጥርም» አለ ፈየራ። «ማታ እሱ ይሰጠኛል፣ እፈርማለሁ፤ ጠዋት እሰጠዋለሁ፣ ይፈርማል።»

ዳኛዋ ፈገግ አሉ። «እዚህ ችሎት የዘበኛ መዝገብ አይቼ አልጠግብም። ሁሉም አምስት ይላል፤ የቆጠረ ግን አላገኘሁም።» ከዚያም መሣሪያው ከቀጣሪያቸው ድርጅት መጋዘን የወጣበት ወረቀት በሦስት ቀን እንዲቀርብ አዘዙ።

ወረቀቱ መጣ፤ «ክላሽ አንድ፣ ጥይት አራት» ይላል። ክላሹ ከአራት ዓመት በፊት ሲመጣ፣ አሁን ሥራ የለቀቀ ዘበኛ መዝገቡን ሲከፍት አምስት ብሎ ጽፎ፣ እነሱ አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ሲገለብጡ ኖረዋል። አምስተኛዋ መቼም አልነበረችም። ወልዱ በነጻ ተሰናበተ።

ክላሹ በተመለሰ ማግስት ጠዋት ፈየራ መሣሪያውን ከቦንቦሊኖው ጋር ዘረጋለት። ወልዱ ካዝናውን አወጣና ጥይቶቹን መዳፉ ላይ ደረደረ። «አንድ… ሁለት… ሦስት… አራት።»

የፈየራ ፊት ጠቆረ። «ጠርጥረኸኝ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ።»

«በምን?»

«በቦንቦሊኖህ።»

ፈየራ ቦንቦሊኖውን መልሶ ይዞ ሄደ። ማታ ሲመለስ ሰላምታም አልሰጠም፤ ክላሹን ተቀብሎ፣ መብራት ሥር ቆሞ፣ ወልዱ እያየው ጥይቶቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረ።