የሩፋኤል ዝናብ በሰሜን ባሕር ላይ

ከትቬይታ ወደ ወደቡ

የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። መሪው በእጄ ካልሆነ የምሄድበት ነገር ሁሉ ያስፈራኛል። አውሮፕላን ያስፈራኛል፣ ሊፍት ያስፈራኛል፤ ባለቤቴ ስትነዳ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ያስፈራኛል። እንዲህ ያለ ሰው በጳጉሜን መባቻ፣ ማዕበል በሚበዛበት ወቅት፣ በትልቅ መርከብ ባሕር ላይ ምን ወሰደው ብትሉ ምክንያቱ እናቴ ናት።

እናቴ ወይዘሮ ብርቄ ከአዲስ አበባ በጎብኚ ቪዛ መጥታ ሐምሌንና ነሐሴን ኖርዌይ፣ ኦስሎ፣ ትቬይታ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን ከረመች። ዓይኗን ግላኮማ ይዟታል። ሐኪሟ የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቀስ እያለ እንደሚሄድ ነግሯታል። አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው መሀል መሀሉን ብቻ ነው የምታየው፣ እሱንም በጭጋግ። ቪዛዋ ሊያልቅ ነው። ዳግመኛ ስንገናኝ ታየኝ ይሆን? ሁላችንም ይህን እናስባለን፤ አፍ አውጥቶ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ልጄ ማርታ እዚሁ ኦስሎ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የአየር ጠባይ ሳይንስ የምትማር ልጅ ናት። «እማማ ባሕር ሳታይ አትሄድም» ብላ የመርከብ ጉዞ ትኬት ቆረጠችልን። ከኦስሎ ተነስቶ፣ ደቡቡን ዞሮ፣ ምዕራቡን የባሕር ዳርቻ ጎብኝቶ የሚመለስ ነው። ባለቤቴ ፈረቃዋ ስላልፈቀደላት ሦስታችን ሆንን።

«ለምንድን ነው ዋጋው እንዲህ የረከሰው?» አልኳት።

«ስላፕ አቭ ፓፓ! ዘና በል። ወቅቱ ነው።»

«የምኑ ወቅት?»

«የሃሪኬን» አለችኝ፣ ዳቦዋ ላይ ቅቤ እየቀባች። «ግን እኛ ጋ አይደርስም። የሚደርሰው ጭራው ብቻ ነው።»

እባብም ቢሆን ጭራውን አልወድም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዮርስቱን ፌርማታ ላይ እረፍት ባገኘሁ ቁጥር ስልኬን ከፍቼ የአየሩን ካርታ ማየት ሥራዬ ሆነ። አትላንቲክ መሀል አንድ ቀይ ክብ ነገር ይሽከረከራል። በየቀኑ ትንሽ ወደ ሰሜን ይጠጋል፤ ሰው አድራሻ ጠይቆ እንደሚመጣ።

የመነሻችን ቀን ከትቬይታ በምድር ባቡር መሀል ከተማ ገብተን ሻንጣችንን እየጎተትን ወደ ወደቡ ወረድን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የኦስሎ ሰው አይስክሬም ይዞ ውሃው ዳር ተዘርግቷል። መርከቡ በደሴቶቹ መሀል በዝግታ ሲወጣ እናቴ መስኮቱ ላይ ግንባሯን አስጠግታ ቆመች። ቀዩን ጎጆ፣ ጀልባውን፣ የሚዋኙትን ልጆች ማርታ እየቆጠረች ነገረቻት። እኔ የአየሩ ማማር ራሱ አላማረኝም።

እራት ላይ

የመርከቡ ምግብ ቤት ገበታ የሠርግ ቤት ያስንቃል። እናቴ ግን ጳጉሜንን ስለምትጾም ድንችና ዳቦ አንስታ ተቀመጠች። አስተናጋጁ አዝኖላት መሰለኝ ሳልመን ይዞላት መጣ።

«ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ እማዬ» አልኳት።

«የሚሉት ይብሉ» አለችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። በልቼ ጨረስኩት።

ከዚያ ዋናው ባሕር ውስጥ ስንገባ ወለሉ ከእግራችን ሥር ተንቀጠቀጠ። ሹካዎቹ ሳህን ላይ ተንጫጩ። ሞተሩ ነው አሉ። እናቴ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጸጥ ብላ አዳመጠችና፣ «ዓሣ አንበሪው ነው» አለች።

ለማርታ ነገረቻት። ድሮ ሰዎች ደሴት መስሏቸው በዓሣ አንበሪ ጀርባ ላይ ለመልአኩ ለሩፋኤል ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። አንድ በዓል ሕዝቡ በውስጥ ሞልቶ ሲጸልይ እንስሳው ከብዶት ተነቃነቀ፤ ግድግዳው ተናወጠ፤ ሰው ጮኸ። መልአኩ በበትሩ ወጋውና «ቁም!» አለው፤ ቆመም። «ሕዝቡስ ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ?» አለች ማርታ። «ምን ያደርጋሉ? ቅዳሴያቸውን ጨረሱ።»

ማርታ ሳቀችና በተራዋ የራሷን ነገረች። እነዚህ ትልልቅ ማዕበሎች ብዙዎቹ ዘራቸው አፍሪካ ነው፤ በክረምት በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚነሳው የነጎድጓድ ደመና ወደ ምዕራብ እየተነዳ፣ ሱዳንንና ሳህልን አቋርጦ አትላንቲክ ላይ ሲደርስ አንዳንዱ ይሽከረከርና ሃሪኬን ይሆናል አለች። እናቴ ድንቹን ማኘክ አቆመች።

«ታዲያ ይኼ የሚመጣው የኛው ዝናብ ነዋ!»

«አዎ፣ ሊሆን ይችላል፤ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም» አለች ማርታ። እናቴ ሁለተኛውን ክፍል አልሰማችውም። ፊቷ በርቶ ነበር። እኔ ግን ስልኬን አውጥቼ ካርታውን አየሁ። ያ ቀይ ክብ የማንን አድራሻ እየጠየቀ እንደሚመጣ ያወቅኩ መሰለኝ።

ስታቫንገር

በማግስቱ ስታቫንገር ወረድን። ነጫጭ የእንጨት ቤቶች፣ በየበሩ አበባ፣ ጠባብ የድንጋይ መንገድ። አንድ ሻይ ሃምሳ ክሮነር ከፍለን ሦስታችን ተቃመስነው። ነፋስ ጭራሽ አልነበረም። ዘወትር ነፋስ የማይጠፋበት ከተማ ነው ያሉኝ ሰዎች ዋሽተዋል ብዬ ደስ ሊለኝ ነበር።

ጀልባ ማሰሪያው ዘንድ አንድ ሽማግሌ ጀልባቸውን በተጨማሪ ገመድ እያሰሩ አገኘሁ። በኖርዌይኛ ነገ አየሩ እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ነገ እኔ ቤቴ ነኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

«ሰማዩ እኮ ጥሩ ነው።»

«ሰማዩን ተወው። ወፎቹን እያቸው።»

ዞር ስል የባሕር ወፎቹ ሁሉ ከባሕሩ ወጥተው የቤት ጣሪያ ላይ ተደርድረዋል። አንድም የሚጮህ የለም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ ባሕሩ ዞረዋል።

ወደ መርከቡ ስንመለስ እናቴ ክንዴን ይዛ፣ «ነገ ሩፋኤል ነው አይደል?» አለችኝ።

ጳጉሜን ሦስት ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነው። የዚያን ቀን ዝናብ ጸበል ነው። ልጅ ሆኜ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ልብሳችንን ጥለን «ሩፋኤል አሳድገኝ!» እያልን ጭቃ ላይ እንጨፍር ነበር፤ እናቴም ሳፋዋን ደጅ አውጥታ፣ ራሷን ገልጣ ትቆም ነበር። እንደማውቃት ነገ ማዕበል ሆነ ምን ሆነ ደጅ ትወጣለች። እኔ ዝናቡ እንዲቀር ስጸልይ እሷ ዝናቡ እንዲመጣ ያንኑ አምላክ እንደምትለምን ገባኝ።

«ገና ነው እማዬ፤ ከነገ ወዲያ ነው» አልኳት። እዚያ የቤተ ክርስቲያን ደወል የለ፣ የአገር ቤት ሬዲዮ የለ፤ ቀኑን የምታውቀው ከእኔ ነው። በዚያች ባለቻት የብርሃን ቀዳዳ ፊቴን ፈልጋ ጥቂት አየችኝና «እሺ» አለች።

ጳጉሜን ሦስት

ጠዋት ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። የማዕበሉ ጭራ ከታሰበው ቀድሞ እየመጣ ስለሆነ ክፍት ባሕር ላይ አንቆይም፤ ሃርዳንገር ፊዮርድ ገብተን እናሳልፈዋለን አለ። ባሕሩ በረጃጅም ተራሮች መሀል ገብቶ የተኛበት ሥፍራ ነው። እዚያ ስንደርስ መርከቡ ቆመ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ አይቼ አላውቅም። ውሃው እንደ ኑግ ዘይት ጥቁርና የረጋ ነው። ከኋላ የተሰቀለው ባንዲራ እንደታጠበ ልብስ ተንጠልጥሏል። ሰማዩ አረንጓዴ የቀላቀለ ቢጫ ሆነ። ስማቸውን የማላውቃቸው ትንንሽ ወፎች የላይኛውን ወለል ሞሉት፤ ሰው ሲያልፍ እንኳ አይነሱም። ሰዎቹም ሳያውቁት ማንሾካሾክ ጀመሩ። ማዕበል ስፈራ የከረምኩ ሰው መምጣቱ በተሻለኝ ብዬ ተመኘሁ።

«ይሰማችኋል?» አለች እናቴ። «ማሕሌት ቆመዋል።»

ጆሮዬን ሰጠሁ። እውነትም ከላይ ከምሰሶዎቹ በኩል የብዙ ሰው ዝማሬ የመሰለ ቀጭን ዜማ ይመጣል። ማርታ ነፋስ የብረት ገመዶቹን ሲነካ ነው አለችን። ባንዲራውን ቀና ብዬ አየሁ። አልተነቃነቀም። ማርታም አየችው።

ከምሳ በኋላ የውጪዎቹ በሮች ይዘጋሉ ተባለ። እናቴን ክፍሏ አስተኝቼ፣ ብርድ ልብስ አልብሼ፣ ሻይ ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ማርታ ስልኳን ይዛ ቆማለች።

«እማማ የት አለች?»

«እኔንጃ። ከእህቷ ጋር ላገናኛት ደውዬላት፣ አውርታ ጨርሳ ወጣች። መጸዳጃ ቤት መስሎኝ።»

«እህቷ ምን አለቻት?»

«ምንም። እንኳን ለሩፋኤል አደረሰሽ ነው ያለቻት።»

ማርታ በአንድ በኩል እኔ በሌላ በኩል ሮጥን። ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች የምትሄድ ሴት የት ትደርሳለች? ኮሪደሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ በር፣ በር፣ በር። መብራቱ ብልጭ አለ። ከሩቅ ከተራሮቹ መሀል እንደ ባቡር የሚያጓራ ነገር ይመጣል። ከኋላ አጫሾች የሚቆሙባት ትንሽ በረንዳ እንዳለች ትዝ አለኝ። ስደርስ በሯ አልተዘጋችም።

እናቴ ራሷን ገልጣ ብረቱን ይዛ ቆማለች። ዝናቡ ጀምሯል። ስወጣ ያስደነገጠኝ ዝናቡ ለብ ያለ መሆኑ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ለብ ያለ ዝናብ አግኝቶኝ አያውቅም። የአገር ቤት የቀትር ዝናብ ነው፤ መሬት መሬት ይሸታል።

«እማዬ! ግቢ!»

ነፋሱ የዚያን ጊዜ ደረሰ። ነጠላዋን ከትከሻዋ ነጥቆ ወደ ላይ ወሰደው። ነጠላው ግን አልበረረም፤ ከራሳችን በላይ ተዘርግቶ፣ አንድ ሰው ይዞት እንደቆመ፣ ለጥቂት ጊዜ ቀጥ አለ። ከዚያ ተራራው ዋጠው። ወለሉ አዘመመና የእናቴ እጅ ከብረቱ ተላቀቀ። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ወገቧን ጨበጥኳት፤ ሁለታችንም ግድግዳውን ተደግፈን ቁጭ አልን። ጩኸቴን እኔ ራሴ እንኳ አልሰማሁትም።

እናቴ አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞረችና የዝናቡን ውሃ በሁለት መዳፏ እየዘገነች ፊቴን ታብሰኝ ጀመር፤ በጸበል እንደሚያጠምቅ ሰው። ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ አፍንጫዬን፣ ጺሜን፣ የተሸበሸበውን ጉንጬን። አልቸኮለችም። ከሥራችን መርከቡ እንደ ፍጥረት ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቢጫ ጃኬት የለበሰች የመርከቡ ሠራተኛ በሩን በርግዳ ሁለታችንንም እየጎተተች አስገባችን፤ በኖርዌይኛ የሰደበችኝን ሁሉ ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩ።

መመለስ

ማዕበሉ አለፈ። እኛ ተራራ ስለጋረደን ጭረት እንኳ አልነካንም፤ ክፍት ባሕር ላይ ብንሆን ምን ይውጠን እንደነበር ያወራ ብዙ ነበር። እናቴ ጉንፋን አልያዛትም። እኔ ያዘኝ። ወደ ኦስሎ ስንመለስ ወደቡ እንደወትሮው ነው፤ አይስክሬሙ ብቻ በጃንጥላ ተተክቷል፤ ዝናቡም የሚያውቀኝ ቀዝቃዛ ዝናብ ነው።

ትቬይታ ቤታችን ገብተን ካረፍን በኋላ እናቴ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሳለ በጎኗ ቆሜ ጣቶቼን ዘረጋሁ።

«ስንት ነው እማዬ?»

«ምኑ?»

«ጣቴ።»

«ተወኝ እስቲ። የለህም እዚያ።»

ለካ እኔም ሳላውቀው ተስፋ አድርጌ ኖሯል። «ታዲያ ለዚህ ነው ሕይወትሽን ልታጠፊ የነበረው?» ብዬ ተቆጣኋት። «ሩፋኤል ዓይንሽን እንኳ አላየልሽ!»

«ዓይኔን ማን ለመነው?» አለች። «ሐኪሙ ሲነግረኝ ሰምቻለሁ፤ ደንቆሮ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምን ለመንሽ?»

የቀሚሷን ጫፍ እያስተካከለች እንዲህ አለችኝ።

«ከቤት ስትወጣ ጺም ያላበቀልክ ልጅ ነበርክ። አንተን ለማየት ስበቃ ዓይኔ ደከመ። ሁለት ወር አጠገቤ ተቀምጠህ፣ ባሰብኩህ ቁጥር የሚመጣልኝ የዚያ ልጅ ፊት ነው። ይኼን ትልቁን ሰውዬ አላውቀውም። ጨለማው ሲመጣ የትኛውን ልጄን አስባለሁ ብዬ ፈራሁ። መልኩን በእጄ አስይዘኝ ብዬ ለመንኩት፤ አስያዘኝ።»

«በማንኛውም ቀን እኮ ልትዳብሺኝ ትችይ ነበር።»

«አፈርኩ» አለች። «ሽማግሌ ወንድ ቁጭ አድርጎ ፊቱን መዳበስ ምን ይባላል? በጸበል ጊዜ ግን ነውር የለውም።»

ስፈራ የከረምኩት ሰማይና ባሕርን ነበር፤ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ የእኔን ፊት መርሳት ስትፈራ አላወቅሁም። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው። የቀሯት ቀናት ጥቂት ናቸው። ምንጣፉ ላይ እግሯ ሥር ቁጭ አልኩና እጇን አንስቼ ፊቴ ላይ አደረግኩት።

«ዝናብ የለም እኮ» አለች።

«ይሁን» አልኳት።